የገብስ ቀኖና

«እነ ጋሽ ምናለም ሥጋ መብላት ጀመሩ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ስትሰማ ወይዘሮ ፈንታነሽ አልዞረችም። የዞረ ሰው ሰምቷል፤ የሰማ ሰው ደግሞ መልስ አለበት። ሐሙስ ጧት፣ ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሥጋ ቤት ቆማ ሻኛውን ከዳቢቱ እያስለየች ነበር። «ዝም በይ፣ እንግዳ ይኖርባቸዋል» አለ ሁለተኛው ድምፅ። «ለእንግዳ ነዋ! ለራሳቸውማ ገብስ ነው አሉ፤ እሱም ሳይነፋ።» ከዚያ ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ነጠላው አፋቸው ላይ መሆኑን ፈንታነሽ ሳትዞር ታውቃለች፤ በሰው ስትስቅ እሷም የምታደርገው እንደዚያው ነው። አምስት ኪሎ ልትል የመጣችው ፈንታነሽ «ስምንት» አለች። ኪሎው ዘጠኝ መቶ ብር ነው። ቆራጩ ቢላዋውን እንዳነሳ ቀና ብሎ አያትና «ስምንት ነው ያሉኝ፣ እትዬ?» ሲላት፣ «ስምንት፤ ቢተርፍ ለውሻ ይሆናል» አለች ጮክ ብላ። ውሻቸው ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ይህንንም ቆራጩም ሴቶቹም ያውቃሉ።

ሥጋው በጥቁር ፌስታል ሊገባ ሲል ከለከለችና በነጭ አስደረገችው፤ ከውጭ ይታይ ብላ። ቤቷ ከሥጋ ቤቱ አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ቢሆንም ባጃጅ ጠራች። ባጃጁ መስጊዱን አልፎ ወደ ሰፈሯ ሲታጠፍ ባሏን አየችው። አቶ ምናለ ከጧት ጉዞው እየተመለሰ ነበር፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ በአንድ እጁ የውኃ ጠርሙስ ይዟል፣ ብብቱ ሥር ሁለት እስር ጎመን ሸጉጧል። ጎመኑን በጋዜጣ እንኳ አልጠቀለለውም። በየደረሰበት እየቆመ ሰላም ይላል፤ ሰላም የተባለው ሁሉ መጀመሪያ ጎመኑን፣ ቀጥሎ ፊቱን ያያል። «ጋሽ ምናለን እንጫናቸው?» አለ ባለ ባጃጁ ፍጥነቱን ቀንሶ። «ንዳ» አለችው ፈንታነሽ። ባሏ እጁን ሲያነሳላት እሷ በወዲያ በኩል ያለውን የጨርቅ ሱቅ ትመለከት ነበር። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ያፈረችበት ግን የመጨረሻውን አሥራ አንድ ወር ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት አቶ ምናለ ሙሉ ሰው ነበር። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይሸጣል። ከቤቱ እስከ ሱቁ ያለችውን ስድስት መቶ ሜትር በባጃጅ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ በፍስክ ቀን ምሳው ጥሬ ሥጋ ነው፤ ማታ ሁለት መለኪያ አረቄ ሳይል አይተኛም። እንጀራው የማኛ ጤፍ ነው፣ ያውም ዱቄቱ ሁለቴ የተነፋ። ውኃ ሲጠጣ ያየው ሰው ቢኖር ምች መታው ብሎ ይደነግጥ ነበር። አገሩ «ተመቸው» የሚለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ከዚያ ደም አየ። «ኪንታሮት ነው» ብሎ አራት ወር ዝም አለ፤ በአምስተኛው ለሚስቱ ነገራት። ለሰው ሁሉ «ቆርቆሮ ላመጣ» ብሎ ባሕር ዳር ወርዶ ሐኪም በካሜራ አየው። ትልቁ አንጀቱ ግድግዳ ላይ እንደ እንጉዳይ የበቀሉ ሁለት ትርፍ ሥጋዎች ተገኙ፤ እዚያው ተቆርጠው ወጡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ልጁ ሊሆን ይችላል፤ ግን እንደ አባት ተቆጣው። «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ካንሰር ይሆኑ ነበር። ደም ያየ ሰው ኪንታሮት ነው ብሎ ለራሱ አይፈርድም» አለው። ከዚያ ኑሮውን ገለበጠበት፦ ገብስና አጃ፣ ባቄላና ምስር፣ ጎመን በብዛት፣ ዱቄት ሳይነፋ፤ ውኃ ጠጣ፤ በቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለህ በእግርህ ሂድ፤ ሥጋ አልፎ አልፎ፣ ትንሽ፣ የበሰለ፤ አረቄውን እርሳው፤ ሆድህ ሲጠራህ አትቅጠረው። «ልጅህም ዕድሜዋ ሲደርስ ትታይ» ብሎ ጨመረ።

ምናለም አዲስ እንደ መነኮሰ ሰው ሆነ። ቀድሞ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ እንኳ ሦስት ቃል የማይጨርሰው ሰውዬ አሁን ቅንጬውን እያላመጠ ለሚስቱ ስለ ደንዳኔ፣ ስለ ትልቁ አንጀት ማለት ነው፣ ያወራል። ጎመን አንጀት ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚጠርግ በእጁ ያሳያል። ከሽንት ቤት ሲመለስ፣ ልጅ ፈተና አልፎ እንደመጣ፣ ፊቱ በርቶ «ዛሬም አማረ» ብሎ ለሚስቱ ያበሥራል። ሐኪሙ የጻፈለትን የምግብ ዝርዝር ወረቀት የብርጭቆው ቡፌ መስታወት ላይ፣ ከልጃቸው የምርቃት ፎቶግራፍ ጎን ለጠፈው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፈንታነሽ ታነሳዋለች፣ እንግዳው ሲሄድ እሱ መልሶ ይለጥፈዋል። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ድኗል። ቦርጩ ቀልጧል፣ ፊቱ ጠርቷል፣ ደረጃ ሲወጣ አያለከልክም። ፈንታነሽም ሕክምናውን አልጠላችም፤ ባሏን ትወደዋለች፣ እንዲድንላትም ትፈልጋለች። የምትፈልገው ግን ሰው ሳያይ እንዲድንላት ነው።

ሰው ደግሞ አየ። የሞጣ ሰው ገብስ የሚያስፈጭ ነጋዴ፣ ዱቄት የማያስነፋ እመቤት፣ ባጃጅ እየለመነው በእግሩ የሚሄድ ባለ ሱቅ ሲያይ የሚያውቀው በሽታ አንድ ነው፤ እሱም ማጣት። «የእነ ምናለ ቤት ወደቀ» ተባለ። ጎረቤቷ ወይንእሸት አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚያስፈልግሽ ነገር ቢኖር እንዳትደብቂኝ እህቴ» ብላ አንድ ቁና ሽሮ አቀበለቻት። ፈንታነሽ የዚያን ቀን አልቅሳለች። በማግሥቱ ግን ዘዴ አገኘች፦ «ማጣት አይደለም፤ የነፍስ አባቱ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ቀኖና ሰጥተውት ነው» አለች። ጥሩ ውሸት መሰላት። የንስሐ ቀኖና አይመረመርም፣ አይጠየቅም፣ እንዲያውም ያስከብራል። ለአንድ ሳምንት አስከበረም። በሁለተኛው ሳምንት ከተማው የኃጢአቱን መጠን ማስላት ጀመረ። በእግር፣ ያውም በየቀኑ፣ ያውም በገብስ፣ ያውም ዓመት ሊሞላው? የሰው ነፍስ ላጠፋም እንዲህ ያለ አይሰጥም! አንዳንዱ ሲሚንቶው ውስጥ አመድ ሲቀላቅል ኖሯል አለ። ሌላው ግንደወይን ከተማ የደበቀው ልጅ አለው አለና የልጁን ዕድሜ ጭምር ተናገረ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ነውና የልጁን መልክ ያየም አልጠፋም። ፈንታነሽ ያን ጊዜ ድሃ መባሉ ናፈቃት፤ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሆኖ ባለፈ ነበር፣ ማስተዋል ባትኖር። ማስተዋል አንድያ ልጃቸው ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ባንክ ትሠራለች። የቢቸናው እህል ነጋዴ የአቶ አስናቀው ልጅ ሐብታሙ ሊያገባት ሽማግሌ ከላከ አምስት ወር ሆኖታል። ሁለቱ ልጆች ይዋደዳሉ፤ ግን የተዋደዱ ልጆች ብቻቸውን አይጋቡም። ወላጆቹ መጥተው ቤቱን አይተው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ ቀኑን መቁረጥ አለባቸው። ሁለት ጊዜ እንመጣለን ብለው ቀሩ። አንዴ መንገዱ ሰላም አይደለም አሉ፤ ይኼ እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጊዜ ግን መንገዱም ሰላም ነበር፤ ፈንታነሽ ከሰው የሰማችው አቶ አስናቀው «እስቲ ቤቱ እንዴት እንደሆነ አጣሩ» ማለቱን ነው። የነቢያት ፆም ሊገባ ዐሥር ቀን ቀርቶታል፤ ዛሬ ካልተቆረጠ ጥር ያልፋል፣ ጥር ካለፈ ነገሩ ያልፋል። ድህነት ከተሰማ አቶ አስናቀው ይሸሻል። ኃጢአት ከተሰማ ይሸሻል። ሕመሙ ከተሰማ ደግሞ «የዘር ነው» ይባልና ከአቶ አስናቀው በኋላም የሚመጣ አይኖርም። ስለዚህ ማስተዋል ራሷ አባቷ የታከመው ጨጓራውን እንደሆነ ነው የምታውቀው። ሐኪሙ ስለ እሷ ያለውን የሚያውቁት አባትና እናቷ ብቻ ናቸው፤ እናቲቱ «ከሰርጉ በኋላ ይነገራታል» ብላ ዘግታዋለች።

ቤት ስትደርስ ማስተዋል መጋረጃ ትተኩሳለች፤ ለዛሬ ፈቃድ ወስዳለች። ፈንታነሽ ቤቱን እንደ ፖሊስ በረበረችው። የገብስ ዱቄቱን ማድጋ አልጋ ሥር አስገባች፤ የውኃ ጠርሙሶቹን ከየወንበሩ ሥር ለቅማ ጓዳ ቆለፈችባቸው፤ የባሏን የመሄጃ ጫማ ከበረንዳው አነሳች፤ ወረቀቱን ከቡፌው ላይ ላጠችው። ሳሎኑ ወዲያው የተከበረ ሰው ቤት መሰለ፤ ቀይ ሶፋው ከነላስቲኩ፣ ቡፌው ከነብርጭቆው፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ከነጥልፍ ልብሱ። ጓሮ ያለውን ሽንት ቤት በበረኪና አጥባ፣ የቧንቧ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ስለሆነ በርሜሉን አስሞልታ፣ ላዩ ላይ አዲስ ጆግ አስቀመጠች። ምናለ ጎመኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሥጋውን አየና ምራቁን ዋጠ። «ሻኛው ጥሩ ነው» አለ። «ምን ያህል ልብላ?»

«የሰጡህን ሁሉ።»

«ሐኪሙ የበሰለ ነው ያለኝ፣ ፈንቴ፤ ያውም ትንሽ።»

«ሐኪሙ ልጅ አይድርልህም» አለችው። «ስለ አንጀትም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ውኃም አትጠጣ። ጠምቶህ ብትሞት ጠላ ጠጣ።» መጋረጃ የምትተኩሰው ልጅ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። አባትየው የልጁን ዓይን ሸሽቶ ወደ ጎመኑ ተመለከተ፤ እናቲቱ ጎመኑን አንስታ ጓዳ አስገባች። ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው የካውያው ድምፅ ብቻ ነበር። ፈንታነሽ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ዝምታ ሰላም ብላ ነው የምትጠራው።

እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በነጭ ፒክአፕ መጡ፤ አቶ አስናቀው፣ ሚስቱ ወይዘሮ ይርጋነሽና አንድ ሽማግሌ። በዚህ ወገን አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ተጠርተው ነበር፤ ያልሰጡት ቀኖና በስማቸው ከተማውን ሲዞር መክረሙን ያልሰማ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። አቶ አስናቀው ድምፁ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ገና በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን፣ ቡፌውን፣ ምንጣፉን በዓይኑ ለካ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥጋ ሲያይ ግን መለካቱን ተወ። «እንዲህ ነው እንጂ! እኔኮ ሰው ሲያወራ ሰምቼ፣ ሣር ያበሉናል ብዬ ፈርቼ ነበር!» አለና ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ፈንታነሽ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ማድረጉንም አልረሳችም። አባ ባርከው ማዕዱ ተቆረሰ። አቶ አስናቀው ቢላዋውን ይዞ ሥጋውን ከከንፈሩ ጫፍ እየቆረጠ፣ ውኃ ከተጠመቀበት ቀን በኋላ እንዳልነካው፣ አታክልት የከብት ድርሻ እንደሆነ፣ ከቤቱ እስከ መጋዘኑ ድረስ በመኪና ካልሆነ እንደማይሄድ ተረከ። ሽማግሌው በየመሐሉ «እውነት ነው» ይላል። ፈንታነሽ በውስጧ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች፤ ከአሥራ አንድ ወር በፊት የነበረው ባሏ ነው የሚያወራው።

ምናለ የታዘዘውን አደረገ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከአቶ አስናቀው እጅ ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሚስቱን አሳዘናት። ሁለተኛውን ሲቀበል ዓይኑን ጨፈነ። ሦስተኛውን ሳያጎርሱት ራሱ ቆርጦ ሲያነሳ ነው ፈንታነሽ እንባው የሐዘን እንዳልነበረ የገባት፤ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ያን ጊዜ አቶ አስናቀው አፉን ጠርጎ ነገሩን አነሳው። «እኔ ማማት አልወድም፣ ፊት ለፊት ነው። ቀኖና አለብዎት ይባላል። ምን ቢያደርጉ ነው ይህን ያህል የከበደው?» ሁሉም ወደ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ዞሩ። አባ አንዴ ምናለን፣ አንዴ ፈንታነሽን አዩ። የፈንታነሽ ፊት እንደ ዱቄት ነጥቶ ነበር። አባ ብልህ ሰው ናቸው፤ ጠላቸውን ቀስ ብለው ጠጡና፣ «በነፍስ አባትና በልጁ መካከል ያለውን የሚጠይቅ አንድዬ ብቻ ነው። ሐዋርያውስ ሥጋዬን እየጎሰምኩ አስገዛዋለሁ ይል የለም? ሥጋን መጎሰም ለሁላችንም የተገባ ነው» አሉ። ውሸት አልተናገሩም፤ እውነትም አልተናገሩም። «እኔስ ሥጋን በሥጋ ነው የምጎስመው!» አለ አቶ አስናቀው፤ ሳቁ ቤቱን ሞላውና ነገሩ በዚያው ሞተ። ፈንታነሽ ለአባ የሚሆን ትልቅ ስጦታ በልቧ መረጠች።

አቶ አስናቀው ሳቁን ሳይጨርስ ተነሳና «እስቲ ጓሮ» አለ። ቆየ። ሽማግሌው ምናለን የቆርቆሮ ዋጋ ጠየቀ፣ ምናለ መለሰ፤ የጤፍ ዋጋ ተነሳ፣ ወደቀ፤ አሁንም አልመጣም። ሲመለስ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፤ ግን ድምፁ እንደ ወትሮው ነው። ሲቀመጥ የፈንታነሽ ዓይን ቀበቶው ላይ ወደቀ፦ በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች፣ ጫፉም ጎኑ ድረስ ዞሯል። ትልቅ ሰው የሚመስለው በኮቱና በድምፁ እንደሆነ ያን ጊዜ ልብ አለች። ይርጋነሽም ወደዚያው መሄዷ ስለማይቀር፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ መሆኑን ልታይ ፈንታነሽ ቀድማ ወጣች። እንግዳው ውኃ ደፍቷል፤ ግን አላዳረሰም። ነጩ ሴራሚክ ላይ ደም ነበር። ትንሽ አይደለም። ገሚሱ ቀይ፣ ገሚሱ የጠቆረ። በበረኪና ያጠበችው ጧት ነው፤ ከእንግዶቹ ውስጥ ከእሱ በፊት የገባ ሰው የለም። ፈንታነሽ ይህን ቀለም ታውቀዋለች። ባሏ በአምስተኛው ወር እጇን ይዞ ያሳያት ይህንኑ ነው።

«አየሽው» አለ ድምፅ ከኋላዋ። ወይዘሮ ይርጋነሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከመጡ ጀምሮ «እርስዎ» ስትላት የዋለችው ሴት አሁን «አንቺ» አለቻት። «እሱ ከገባበት ተከትዬ የምገባው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ቀደምሽኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት አለፈው። ኪንታሮት ነው። ቅጠል የሚያስርለት ሰው አለ፤ ሲያስርለት ሁለት ሳምንት ይተወዋል። ሱሪውን ሦስት ጊዜ አስጠብቤለታለሁ፤ ለሰው ስኳሩን ስለተወ ነው እላለሁ።»

ሁለት ዓመት። ፈንታነሽ የወጣቱን ሐኪም ቃል አስታወሰች፤ የእሷ ባል አምስት ወር ነበር የቆየው፣ በዚያም ሐኪሙ ተቆጥቶት ነበር። ማለት ያለባት ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «የእኔውም እንዲሁ ነበር።» ከዚያ የሐኪሙን ስም ትሰጣታለች፤ ነገ መኪናው ባሕር ዳር ይደርሳል። ግን ያን ካለች ማስተዋል የበሽተኛ ልጅ ናት፤ ያውም ዛሬ፣ ያውም በእናቷ አፍ። «ሐኪም ቢያያቸውስ?» አለች በመጨረሻ፤ ይህችን ስታወጣ ራሷን ደፋር አድርጋ ቆጠረች።

«ከሰርጉ በኋላ» አለች ይርጋነሽ። «አሁን ታመመ ከተባለ ወንድሞቹ መጋዘኑን ይካፈሉታል፤ ልጄም የበሽተኛ ልጅ ይባላል። እስቲ አንቺ ራስሽ፣ ቀድመሽ ብትሰሚ ልጅሽን ትሰጪን ነበር?»

ይርጋነሽ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጆጉ ተጠጋች። «ስለናንተ የሚባለውን ሁሉ ቢቸና ሰምተናል» አለች ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ። «ምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፤ አልጠይቅሽምም። አንቺም አትጠይቂኝ። ዝምድና ማለት ይኼ አይደል?» ከዚያ ጆጉን አነሳች። ፈንታነሽ ከበርሜሉ ቀዳች፣ ይርጋነሽ ደፋች፤ አንዷ ስትቀዳ ሌላዋ ስትደፋ ሴራሚኩ እንደ ጧቱ ነጭ ሆነ። ይርጋነሽ እጇን ታጥባ ፈንታነሽን ሁለት ጉንጯን ሳመቻት። እስከ ጥር የቀረው ሁለት ወር ነው፤ ፈንታነሽ ሁለት ወር ምንም አይደለም ብላ ለራሷ ነገረች። ደግሞም የእሷ ባል አይደለም። ሚስቱ ያወቀችውን እሷ ምን አገባት? እንዲህ እያለች ራሷን አጽናናች፤ አፈረች፣ ግን ማፈሯን ማንም ስላላየ ቶሎ አለፈላት።

ሳሎን ሲገቡ ቀኑ ተቆርጦ ነበር፦ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ። አባ መርቀዋል፣ ሽማግሌው ምስክር ሆኗል፣ ማስተዋል ጓዳው በር ላይ ቆማ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። ፈንታነሽ አምስት ወር ሙሉ ለዚህ ቅጽበት ስለት ተስላለች። ምናለ ሚስቱን አይቶ በዓይኑ «ምን ሆንሽ?» አላት፤ ዓይኗን ሰበረች። ምናለ ቢያውቅ አንዲት ደቂቃ እንደማያስችለው ታውቃለች፤ ኮቱን ሳይለብስ ሰውዬውን ጎትቶ ባሕር ዳር ይወስደዋል፣ በመንገዱም ሁሉ ስለ ደንዳኔ ይሰብከዋል። ስለዚህ ከባሏ ራቅ ብላ ቆመች።

«ምነው ባዶ እጅሽን? ሥጋው አለቀ እንዴ?» አለ አቶ አስናቀው። «ቃሉ እንዲጸና የመጨረሻውን ከሙሽራዪቱ እናት እጅ ነው የምጎርሰው!» ሽማግሌው አጨበጨበ። ይርጋነሽ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጥለት ታስተካክል ጀመር፤ ቀና አላለችም። ፈንታነሽ ከጓዳ አንድ ሳህን ሥጋ ይዛ መጣች። ከሻኛው ወፈር አድርጋ ቆረጠች፣ አዋዜ አስነካችው፣ በማኛው እንጀራ ጠቀለለችው። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ከቅርብ ሲታይ ድዱ ገርጥቷል፤ የዓይኑም ሽፋን ውስጥ ደም የለም። ልጇ ከበሩ ላይ ታያታለች። የፈንታነሽ እጅ አንዴ በአየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ አጎረሰችው።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አቶ አስናቀው በሁለት ጉንጩ እያኘከ፣ ገና ሳይውጠው፣ እጇን ይዞ «ዕድሜ ይስጥሽ፣ ዘመዴ! ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ!» አላት። «ለእርስዎም» ልትለው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ዳግመኛ ሞከረች፤ አሁንም አልወጣም። እንባዋ ሲወርድ ያዩ ሁሉ ደስታ ነው አሉ።